ተገፍታ የማትነሳ መኪና

መኪናዬ ትንሽ፣ ያረጀችና አውቶማቲክ ነበረች። የገዛኋት ከዐረብ አገር ጠቅልሎ አገሩ ከሚገባ የወሎ ልጅ ነው። «ወላሂ፣ ምንም ሙሽኪላ የለባትም» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝና በነጋታው በረረ። ሙሽኪላውን ብቻዬን አገኘሁት። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ታቃስታለች፤ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ማርሹ ሦስተኛ ላይ ይቆለፍና ከዚያ ወዲያ አልፈጥንም ትላለች።

ጋራዦቹ ባሉበት ሰፈር አንድ የመናዊ ባትሪ ሻጭ አለ። ኮፈኖውን ከፍቶ ባትሪውን በመለኪያው ነካ ነካ አደረገና «ባትሪው አርጅቷል። ኮረንቲ ሲያንሰው የማርሹ ኮምፒዩተር ይደናገራል። ባትሪ ቀይር» አለኝ። እናታችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምትለው በአብዛኛው እኔን እያየች ነበር። ባትሪ ሞተር ያስነሳል፣ መብራት ያበራል፤ ማርሽ ምን አገባው? ባትሪ የሚሸጥ ሰው በሽታው ሁሉ ባትሪ ነው ይላል ብዬ የካምቢዮ ዘይት አስቀየርኩ። ማርሹ አዲሱን ዘይት ተቀብሎ እንደ ቀድሞው ቀጠለ።

ይህ የሆነው ታናሽ እህቴ አገር ልትገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው። አል ዐዚዚያ አንድ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ቪዛውን ያገኘሁላት፣ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ፈቃድ አግኝቼ ለሰደቃው ደረስኩ። እሷን ግን ማዳሟ «ልጆቹን ማን ይይዛል?» ብላ አልለቀቀቻትም፤ በቀብሩ ቀን የሰው ቤት ልጆች ስታበላ ዋለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ኹሩጇ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ሲመታላት፣ አየር ማረፊያው ውስጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «ይቅር በይኝ» ልላት ቆረጥኩ። ሳልላት ከሄደች በስልክ እንደማልለው ራሴን አውቀዋለሁ።

በመሄጃዋ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ካለው ቤቴ በር ላይ ሁለት ሻንጣና አንድ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ ጫንን። ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅ አለች። ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ ማለቱንም ተወችው።

ሊሰናበቷት የወጡ አራት የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ አራቱም በየመን በኩል የመጡ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው። ያገሬ ሰው የቆመ መኪና ሲያይ ምን ሆና ነው ብሎ አይጠይቅም፣ እጅጌውን ይሰበስባል። እኔም ከነሱ አልተሻልኩም። ባትሪ ሲሞት ማርሹ ፓርክ ላይ ይቆለፋል፤ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቁልፍ ጫፍ ፈልቅቄ፣ ውስጡን ተጭኜ አላቀቅኩት። በዚህ እውቀቴ ኮራሁ። መግፋት ጀመሩ።

«ሁለተኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ልቀቅ!» አለ አንዱ ከኋላ። አገር ቤት የሚኒባስ ረዳት ነበር።

«ፍሪሲዮን የላትም።»

«እሺ፣ ሁለተኛ አስገባ!»

«አውቶማቲክ ናት እኮ።»

«ታዲያ ተገፍታ የማትነሳ መኪና ምን ብለህ ገዛህ?»

በግፊት እንደማትነሳ አሁን ሁላችንም ገብቶናል። ግን ሰው ተቸግሮ እያዩ እጅ አጣጥፎ መቆም ነውር ስለሆነ እስከ ዋናው መንገድ ገፏት። እዚያ ስንደርስ የፖሊስ መኪና ታጠፈ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ሳይ አራቱም የሉም። እህቴ አባያዋን ሰብስባ ብቻዋን ትገፋለች።

ፖሊሱ ወርዶ ወረቀቶቻችንን አየ። «ማን ነበር የሚገፋው?» አለ።

«እሷ ናት» አልኩ።

እህቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት። እንዳላመነኝ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ከመኪናው የባትሪ ገመድ አውጥቶ ከእኔ ባትሪ ጋር አገናኘው። ወዲያው ተነሳች። «ባትሪው ኸላስ፣ አልቆለታል። እንዳታጠፋት» አለኝ። የመናዊውን አላመንኩም፤ ፖሊስ ሲለው ግን አመንኩ።

ኮረንቲ ለመቆጠብ ማቀዝቀዣውን ዘጋሁና መስኮቶቹን ከፈትን። ማርሹ ሦስተኛ ላይ ተቆልፏል። ከኹበር እስከ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ የሚጋረፍ ንፋስ ፊታችን ላይ ሲነፍስ፣ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልግ ነበር። እኔ የምለው ደግሞ በጩኸት የሚባል አልነበረም። ስለ ባትሪው ግን ሁለቴ ጮህኩ።

መንገደኛ የሚወርድበት በር ላይ ስንደርስ ጠባቂው «ያላ፣ ያላ!» ይላል። ሻንጣዎቹን ካወረድን በኋላ እጄ ወደ ቁልፉ ሲሄድ እህቴ ያዘችኝ።

«ወንድምዓለም፣ እንዳታጠፋት። ከጠፋች እዚህ ትቀራለህ። ሂድ በቃ፣ ዱዓ አድርግልኝ።»

ሄድኩ። ለሰባት ዓመት የሚሏትን ስትሰማ የኖረች ልጅ አንድ ቀን ብታዘኝ ታዘዝኩ። መንገዱ ዞሮ ወደ መውጫው ሲወስደኝ ነው የገባኝ፦ እህቴን በር ላይ ጥዬ ባትሪ ላድን እየሄድኩ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ተመለስኩ፣ አቆምኩ፣ ቁልፉን ነቅዬ ሮጥኩ።

ከተጓዥ በቀር ሰው ከማይገባበት ገመድ ወዲያ፣ የፓስፖርቱ ሰልፍ ላይ ጀርባዋን አየሁት።

«እቴ! የእማዬን ነገር ይቅር በይኝ! እኔ ነኝ ያመጣሁሽ!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። እሷም ዞረች። እጇን አንስታ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው አደረገችና «አጠፋሃት?» ብላ በቅንድቧ ጠየቀችኝ።

አዎ፣ አልኳት ራሴን ነቅንቄ።

ያን ጊዜ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።