የጓያ እንፋሎት

የላስታ ሰው ባቄላን ይወዳል፤ በእሸቱ ይጨዋወታል፣ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አድርጎ ይበላዋል። የባቄላን ዘመድ ጓያን ግን ይፈራዋል፤ እግር ይሰብራል። በእኛ ቀዬ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይባል ነበር። ሲያብብ ማሳውን ያቋረጠ፣ ጭዱ ላይ የተኛ፣ ሲቀቀል አጠገቡ የተቀመጠ ሽባ ይሆናል። የሚጎዳው ፍሬው ራሱ፣ ያውም ለወራት እሱን ብቻ ሲበሉት መሆኑን ከሐኪም የሰማሁት ኋላ ነው።

በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት ዓመት ባቄላችንን ቆርምድ የሚሉት በሽታ አጨማደደው። አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። እናቴ አልሳቀችም። ከማሳችን የተረፈው ጓያ ብቻ ነበር፤ ፍላቂት ገበያም ሌላ እህል ጠፋ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ንፍሯችንም ሽሯችንም ጓያ ሆነ።

እናቴ ጠንቃቃ ናት። ጓያ ስትቀቅል በሩን በርግዳ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ እኛን ከቤት ታስወጣን ነበር። በተለይ ታላቅ ወንድሜን። አባታችን ከሞተ ወዲህ የሚያርሰው እሱ ነው፤ እሱ ከወደቀ ቤታችን ወደቀ። እንፋሎቱ እስኪወጣ ብርድ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ገብተን እንበላለን። አራሽ ነውና የሱ ድርሻ ትልቁ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

በበልግ እርሻ ላይ ወንድሜ ጉልበቴ ከበደኝ ማለት ጀመረ። ድካም ነው አልነው። አንድ ረፋድ በሬዎቹ ቆመው አየሁ፤ እሱ እርፉን እንደያዘ ትልሙ ላይ ተንበርክኳል። ጎትቼ አነሳሁት። ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በእግር ጣቶቹ ቆመ። በጣም ፈራሁ። ደግፌ ወደ ቤት አመጣሁት።

እናቴ ከደጅ አየችን።

«ልጄን! ጭዱ ላይ ተኝተህ ነው?»

«ኧረ አልተኛሁም፣ እማ።»

«ማሳውንስ አቋርጠሃል?»

«አላቋረጥሁም።»

መደቡ ላይ አስተኛችው። እግሩን በሞቀ ጨርቅ እያሸች ለነአኩቶ ለአብ ተሳለች። ከዚያ ማዕድ ቀረበ። የራሷን ሽሮ ከፊቷ አንስታ የሱ ላይ ገለበጠችው።

«ብላ፣ ጉልበት ይሆንሃል» አለችው።

እሱም እንዳይከፋት ብሎ ጥርግ አድርጎ በላ።