የእትዬ ሌይላኒ የበር ዜማ

ልጅ ሳለሁ ጄኔቭ ውስጥ ረቡዕ ትምህርት አልነበረም። እናቴ ሥራ ስለምትውል፣ ሻትሌን በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ለሚኖሩት ለእትዬ ሌይላኒ አደራ ትሰጠኝ ነበር። እትዬ ሌይላኒ የሃዋይ ሰው ናቸው። ስዊስ ባላቸውን ቀብረው ያለ ልጅ ብቻቸውን የቀሩ፣ ቁጣቸው ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ግዙፍ ሴት ነበሩ። «እትዬ» ያለቻቸው እናቴ ናት። ትርጉሙን ከጠየቁ በኋላ ግን እኔ ማዳም ብዬ ስጠራቸው እንዳልሰማ ይሆኑብኝ ጀመር።

ያኔ በብርዱ ወራት ጉሙ ገና በአሥር ሰዓት መስኮቱን ሲያጨልመው፣ ትንሿን የጠረጴዛ መብራት ያበሩና ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ትልቁን ቅላቸውን እንደ ከበሮ በመዳፋቸው እየመቱ ያዜሙልኝ፣ ከዚያም ታሪኩን በፈረንሳይኛ ይተርኩልኝ ነበር። ፔሌ የምትባል የእሳት አምላክ ከባሕሯ አምላክ ከእኅቷ ጋር ተጣልታ፣ በየደሴቱ ለእሳቷ ጉድጓድ ስትቆፍር፣ እኅቷ እየተከተለች ውሃ ትሞላባታለች። «አሁንም አጠፋችባት?» እላለሁ፣ ስንቴ ሰምቼው አንጀቴ እርር እያለ። ተረቱን በእጅ የሚናገረውን የአገራቸውን ጭፈራ፣ ሁላን፣ ሲያስተምሩኝ ግን ቀልድ የለም። እጄ ማዕበሉን ማሳየት ሲገባው ዝም ብሎ ከተወዛወዘ «ምንድነው ይሄ? ዝንብ ነው የምታባርሪው?» ይሉኛል።

ዕድሜያቸው ሲገፋ አንድ ሐሳብ ያዛቸው፤ ዜማውን፣ ሁላውንና ተረቱን ለትምህርት ቤቶች በሚሆን ሳጥን ማዘጋጀት። የሥዕል ካርዶች ሣሉ፣ ሲዲ ቀዱ፣ ለመምህራን የሚሆን መጽሐፍ ጻፉ። «የአያቴ ዜማ እኔ ጋ ነው ያለው፤ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት መምህራን ሊያዩት ቀጠሯቸው። ከወደዱት አባዝተው ለየትምህርት ቤቱ ያውሱታል፤ ካልወደዱት እዚያው ሳሎናቸው ሊቀር ነው። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብሆንም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በር ላይ ነው። በእሳቸው ወግ ተማሪ ዘው ብሎ አይገባም፤ ደጅ ቆሞ በዜማ ያስፈቅዳል፣ ከውስጥ በዜማ እስኪመለስለትም ይጠብቃል። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ሆነው ሊያስፈቅዱ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ልመልስ ተስማማን። ሁለት ወር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ።

አዜሙ፣ ጨረሱ። አፌን ከፈትኩ፤ ወይ ጉድ! አንድ ቃል የለም። መምህራኑ ፈገግ ብለው ያዩኛል። እትዬ ሌይላኒ እንደገና ከመጀመሪያው አዜሙ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዜሙ ድምፃቸው ሻከረ። አንዷ መምህርት አዝናላቸው ነው መሰለኝ በሩን ልትከፍት ብድግ አለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቀድሜያት ሄጄ በሩ ላይ ተለጠፍኩና እናቴ እንግዳ ሲመጣ የምትለውን በአማርኛ ጮህኩት፦ «ቤት ለእንግዳ! ይግቡ፣ እትዬ!»

ገቡ። ቅላቸውን እንዳቀፉ ቀና ብለው ገቡና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው የፔሌን ተረት ጀመሩ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሳጥኑን ያስቀረሁባቸው መስሎኝ ነበር።

«ያልሽው ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ቤቱ የእንግዳ ነው ማለት ነው።»

ቅላቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው አስቀመጡ። «እንግዲያው መልስ ነው። መልስ ባይሆን አልገባም ነበር።»

እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ «ሳጥኑ ውስጥ እናስገባዋ!» ስል ቁጣቸው መጣ። «አይሆንም! ያንቺ ያንቺ ነው፣ ደስ ይላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ግን የአያቴ ነው። በይ፣ ከመጀመሪያው!» እስከ ጄኔቭ ድረስ አስጠኑኝ። ትኬት የሚያየው ሰውዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያልፍ አብሮን ያንጎራጉር ነበር።

መምህራኑ ሳጥኑን ወደዱት። እትዬ ሌይላኒ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና በተቀዳው ሲዲ ላይ የምትመልሰው ቀጭን ድምፅ የእኔ ናት። ዛሬ ጄኔቭ አጠገብ፣ ላንሲ መምህርት ነኝ፤ ሳጥኑን በየዓመቱ ተውሼ ለተማሪዎቼ አዜማለሁ፣ እጃቸው ሲሰንፍም እንደ እሳቸው እቆጣለሁ።

ባለፈው ጊዜ ለስብሰባ ዙሪክ ሄጄ ያንን ክፍል አየሁት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የበሩን እጀታ ጫን ሳደርገው ወዲያው ተከፈተ። እንባዬ መጣ። ያን ቀንም እኮ በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ራሳቸው ከፍተው መግባት ይችሉ ነበር። እትዬ ሌይላኒ የዕድሜ ልክ ልፋታቸው ሜዳ ላይ ሊቀር፣ ድምፃቸውም ሊዘጋ እየደረሰ፣ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ግቡ እስክትላቸው ድረስ ደጅ ቆሙ።