ፈልፍለሽ አውጪልኝ

መምህር ወልደጻድቅ አሰላ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር አንድም ቀን ቀበሌ ተጠርቶ አያውቅም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ ተጠራ።

ሊቀመንበሩ ኢታና የጥንት ተማሪው ነው። ዱሮ «ጋሼ» ይለው የነበረው ልጅ ያን ዕለት «ጓድ መምህር፣ ይቀመጡ» አለውና የተከፈተ ደብዳቤ ገፋ አደረገለት። በቆጂ ዘር መጋዘን ለምትሠራው ጸሐፊ ለቀለሟ፣ ቀድሞ አብሯት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ የገብስ ባለሙያ ከአገሩ የላከው ነው። ደብዳቤው እንዴት ቀበሌ እንደ ደረሰ ወልደጻድቅ አልጠየቀም። አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ኢታና ትርጉሙን ጠየቀው።

ገና ሲያየው አወቀው። ፈረንጆች ሙጭልጭላ የመሰለች ቀጭን አውሬ ያለምዱና ጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ይሰዷታል፤ ጥንቸሏ ደንብራ ስትወጣ ይይዟታል። ግሱ የመጣው ከዚያ አደን ነው። በጨዋታ ቋንቋ የጠፋ ዕቃ አስሶ ማግኘትም፣ የሰው ምስጢር ጎርጉሮ ማውጣትም በዚሁ ቃል ይነገራል። ፈረንጁ ያለው፣ የጥንት ገብሶችን ስም ከሽማግሌዎች ፈልፍለሽ አውጪልኝ ነው።

«መፈለግ ማለት ነው» ብሎ ሊያልፈው አሰበ። ኢታና ግን ዓይኑን አልነቀለም። ከእሱ በፊት ሌላ መምህር ተጠይቆ ቢሆንስ? የሚመረመረው ደብዳቤው ነው ወይስ እሱ ራሱ?

«ለሰላይም ይባላል» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ግን የሚፈለገው የገብስ ስም ነው።»

ኢታና ጻፈ። ወረቀቱን በክንዱ ከልሎት ስለነበር የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ጻፈ አልታየውም።

ከሳምንት በኋላ ቀለሟ መታሰሯን ሰማ። ከዚያ ወዲያ መምህራን ጨዋታቸውን ሲያቋርጡ ስለ እሱ የሚያወሩ ይመስለው ጀመር። መንገድ ላይ ከኋላው ኮቴ ሲሰማ ጫማውን የሚያስር መስሎ ቆሞ ያሳልፋል።

ግንቦት ላይ ቀድሞ በመልክ የሚያውቃትን ቀለሟን አውቶቡስ መናኸሪያ አገኛት። ከስታለች። አርባ ቀን ሙሉ የፈረንጁ ተልእኮ ምን እንደ ነበር ሲጠይቋት፣ እሷም አሩሶ፣ ባለሚ፣ ሰነፍ ገብስ እያለች ስም ስትቆጥርላቸው ከርማ በመጨረሻ መለቀቋን ነገረችው።

«የተረጎምኩት እኔ ነኝ» አላት።

«እያነበቡ የጠየቁኝን የሰላይ ትርጉም ለምን ጨመሩበት?»

«ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

የበቆጂው አውቶቡስ ሲመጣ ቀለሟ ዘንቢሏን አንስታ ገባች፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሳለ እሱን በማያሳየው በወዲያኛው መስኮት በኩል ተቀመጠች።