ለአማት የተቀመጠ ዓሣ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኳችን «ካፒቴን» የማይለው ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው ካፒቴን ይለዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አብረውት የሚዘምሩት ካፒቴን ይሉታል። እሱም መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ካፒቴን አይደለሁም» ሲል ከርሞ በኋላ ሰልችቶት ተወው። እውነቱን ለመናገር ኳች መርከብ ነድቶ አያውቅም። ሥራው ጭነት መርከብ ላይ የተደረደሩትን ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች መጠበቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብራዚል የታረደ ዶሮ በረዶ ሆኖ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎ ወደ ዓረብ አገር ይጫናል። ከሌላው ወደብ የበሬ ሥጋ፣ ከሌላው ዓሣ፣ ከሌላው ሙዝና አቮካዶ ይመጣል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር የራሱ ማቀዝቀዣ ሞተር አለው፤ የራሱ ጠባይም አለው። ዶሮው ድንጋይ እንደመሰለ መድረስ አለበት፤ ሙዙ ደግሞ ቅብጥብጥ ነው፣ ብርዱ ትንሽ ከበዛበት ይጠቁራል። ስለዚህ ኳች ማዕበል ኖረም አልኖረም ጠዋትና ማታ በኮንቴይነሮቹ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እየዞረ የእያንዳንዱን ቅዝቃዜ ያያል፣ የተበላሸውን ይጠግናል። አንዴ ሕንድ ውቅያኖስ መሃል ላይ ሥጋ የጫነ ኮንቴይነር ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ በዚያ ፀሐይ ብረቱ እጁን እየላጠው ሲታገል ውሎ አስነስቶታል። ያን ቀን ለማያውቀው ሰው ሥጋ የተሰማው ደስታ ትንሽ ያሳፍራል፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ዘፈነ። ሥራውን ይወዳል። ለሚሰማው ያወራል፣ ለማይሰማውም ያወራል።

ባያወራ ይሻለው የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኢታንግ፣ ቱት ግቢ።

ቱት የአንዲት ልጅ፣ የኛሙዎች አባት ናቸው። ኛሙዎች ደግሞ ኢታንግ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ናት፤ ኳች ከመርከብ ላይ በስልክ ሲያወራ የኖረው ከእሷ ጋር ነው፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሰማይ የተደፋበት የሚመስለውም ስለ እሷ ነው። ዘንድሮ ለዕረፍት እንደመጣ ሽማግሌ ላከ፣ ለጥሎሽ የሚሰጠው የከብቱም ነገር ያለ ጠብ አለቀ። ከዚያ ቱት ስለ ሥራው ጠየቁት። ኳች አብራራ። አሁንም አብራራ። ሽማግሌው ሰምተው ሰምተው «ታዲያ ይህ ልጅ የሞተ ዶሮ ጠባቂ ነው» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ሥጋ በታረደበት ቀን ይበላል፣ ዓሣም ከባሮ በወጣበት ቀን። ወራት የቆየ ነገር ለሰው የሚያቀብል አማች አላማራቸውም። «ሄዶ ይምጣና ያኔ እንነጋገራለን» ብለው ነገሩን አሳደሩት።

ሄዶ መምጣት ማለት አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጊዜ ነው። በዚያ መሃል ከብት ያለው ሌላ ሰው ግቢው ቢገባ ማን ይከለክለዋል? ኳች እንቅልፍ አጣ።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አጎቱ ኩን «ታገሥ» አሉት። እሱ ግን የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ባሮ ዳር ወርዶ ከዓሣ አጥማጆቹ አንድ ጥሩ ዓሣ ገዛ፤ አጥቦ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ወዳጁ አብዱልከሪም ሱቅ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከለስላሳው ሥር ቀበረው። ዕረፍቱ ሲያልቅ ቱትን ሊያበላ ነው፤ ከበሉ በኋላ ደግሞ መቼ እንደወጣ ሊነግራቸው።

መርከብ ላይ መብራት አይጠፋም። ጋምቤላ ግን ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ኳች የያዘውን ጥሎ በባጃጅ ወደ ሱቁ ይበራል። ጄኔሬተር ይለምናል፣ በረዶ አለ የተባለበትን ቤት ሁሉ ያንኳኳል፣ ፍሪዘሩን በብርድ ልብስ ይሸፍናል፣ ደንበኛ ክዳኑን እንዳይከፍት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይከራከራል። አብዱልከሪም ትዕግሥቱ ሲያልቅ «ወንድሜ፣ ሰው በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ ፈልጎ መጥቶ አንተ ታባርረዋለህ! ወይ ልጅቷን አግባ፣ ወይ ዓሣውን አግባና ገላግለኝ» ይለዋል።

ዕረፍቱ ሊያልቅ ሲል ኳችና ኩን በአብዱልከሪም መኪና ኢታንግ ሄዱ። ዓሣው በረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ መሃላቸው ተቀምጧል። ኛሙዎች ተቀብላ ወደ ማድቤት አስገባችው፤ ምሥጢሩን ስለምታውቅ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ምግቡ ሲቀርብ ቱት፣ ኩንና አብዱልከሪም በሉ። ኳች አልበላም። በኑዌር ልማድ ሙሽራ በአማቱ ፊት አይበላም፤ ከተማ ውስጥ ይህን የተወ ብዙ ነው፣ ቱት ግቢ ግን የሚሞክረው የለም።

ቱት እጃቸውን እየጠረጉ፣ አብዱልከሪም እንዲሰማ በአማርኛ «ጥሩ ዓሣ ነው። ዛሬ ነው የወጣው?» አሉ።

«አይደለም አባባ» አለ ኳች። «ዝናቡ ሳይጀምር ነው።»

ኩን መሬት መሬቱን አዩ። ቱት ሳህኑን አዩ፣ ኳችን አዩ፣ ሆዳቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ሆዴ ዝም ብሏል» አሉ በመጨረሻ። «ግን መብራት ይጠፋል። ዓሣው እንዴት ከረመ?»

አብዱልከሪም ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ብርድ ልብሱን፣ ልመናውን፣ የተባረሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ እየጨማመረ ተረከ። ቱት ሳቁ፣ ኩንም ቀና አሉ። ኳች የልብ ልብ ተሰማው። «አባባ፣ ብርድ ብቻውን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሰው ነው» አለ በኩራት። «መርከብ ላይም ያው ነው። ጠዋት አያለሁ፣ ማታ አያለሁ። ያላዩት ነገር ይበላሻል።»

ቱት ሳቃቸውን ቀስ ብለው አቆሙ።

«እሺ። አሁን እኔ ልጠይቅህ» አሉ። «ጠዋት ታያለህ፣ ማታ ታያለህ። ካላየህ ይበላሻል። ልጄን አግብተህ ባሕር ስትሄድ፣ እሷን ማን ያያል?»

ኳች ያኔ ገባው። ለካ ነገሩ ከመጀመሪያውም የዶሮ ነገር አልነበረም። ዕረፍቱን ሙሉ ስለ ዓሣ የሚመልሰውን ሲያዘጋጅ ከርሞ ለዚህ አንድ ቃል አላዘጋጀም። አዘነ፤ በራሱም አፈረ። ሊዋሽ ግን አልፈለገም።

«እኔ ማየት አልችልም፣ አባባ» አለ። «ሩቅ ነኝ።»

ኩን አለቀልን ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባባ!» ኛሙዎች ጭልፋ እንደያዘች ማድቤቱ በር ላይ ቆማለች። «እኔ ዓሣ ነኝ እንዴ? ካላዩኝ እበላሻለሁ? ይህን ሁሉ ሴት ሳዋልድ ማን ጠበቀኝ? እኔ ጠባቂ አልፈልግም። ሲመጣ ደስ የሚለኝ ሰው ነው የፈለግኩት፤ እሱን አግኝቻለሁ!»

በሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለች ልጅ በዚያ ግቢ ታይታ አታውቅም። ቱት ለመቆጣት ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ከንፈራቸው ግን እሺ አላላቸውም።

«ሰማህ?» አሉት ኳችን።

«ሰማሁ።»

«የምታገባው ይህችን ነው። ባሕር ለምን እንደምትሄድ አሁን ገባኝ፤ ልታርፍ ነው!»

አብዱልከሪም ሳቁን ለቀቀው፣ ኩንም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቱት ብድግ አሉ። «ከመሄድህ በፊት ሠርጉ ይሆናል» ብለው በትራቸውን አነሡ። «ኑ፣ ከብቶቹን እንይ።» ከብቶቹ በዚያ ሰዓት ወንዝ ማዶ ግጦሽ ላይ ነበሩ። ኩንና አብዱልከሪም ይህንን እያወቁ ተከትለዋቸው ወጡ። ባዶ በረት ለማየት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

ኛሙዎች የተረፈውን ዓሣ ኳች ፊት አስቀመጠችና ሲበላ እንዳታየው ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ጨው በዝቶበታል?» አለችው ሳትዞር።

ኳች ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ይህን ያህል የለፋበት ዓሣ ምን ምን እንደሚል አልታወቀውም፤ ደስታው ጣዕም የሚለይ አፍ አልተወለትም።