ስለት የሌለው የኪስ መሣሪያዬና የአባ ይማም በሬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ቆላው ማሽላ ለመዝራት ዝናብ በሚጠብቅበት ሰሞን። እጄን ኪሴ በከተትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ እናደዳለሁ። ብስጭቱን ብቻዬን ከምሸከመው አንባቢም ይካፈለኝ ብዬ ጻፍኩት።

ቆቦ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። እኛ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ማለት የሶኬት፣ የበር እጀታ፣ የወንበር ብሎንና የርዕሰ መምህሩ ስልክ ሐኪም ማለት ነው። ካቻቢቴ ለመዋስ በየቀኑ ዘበኛው ዘንድ መመላለስ ሲሰለቸኝ፣ ኪስ የሚገባ፣ ቀለል ያለ፣ ዋጋውም ለመምህር የሚቀመስ አንድ ሁለገብ መሣሪያ ልግዛ አልኩ። ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ ሰንጢው ሁሉ ተጣጥፎ አንድ ላይ ያለበትን ዓይነት ማለቴ ነው። የተሳሳትኩት ይህን ሐሳብ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ የተናገርኩ ጊዜ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ነገር ባለሙያ አይታጣም። የሁለገብ ባለሙያው የታሪክ መምህሩ ጌቱ ሆኖ ተገኘ። ጌቱ ዘመዱ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን፣ ግማሽ ጡብ የሚያህል ሁለገብ ቀበቶው ላይ ያንጠለጥላል። ክብደቱ ሱሪውን በአንድ ጎን ስለሚያወርደው ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ሱሪውን ይስባል፣ ደግሞ ሌላ መስመር ይጽፋል። መሣሪያው ላይ መጋዝ አለ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ አለ፣ የዓሣ ቅርፊት መፋቂያ ሳይቀር አለ። ቆቦ ላይ ዓሣ ከየት ታመጣለህ ብለው ምን ይታወቃል አለኝ። ጎሊና ወንዝ ሲሞላ የሚያመጣው ድንጋይ ነው፤ ዓሣ ሲያመጣ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ጌቱ ሸክም የሚያህል እንድገዛ፣ የሒሳቡ መምህር የጠርሙስ መክፈቻው ጠንካራ እንዲሆን፣ የስፖርቱ ደግሞ ፊሽካ ያለው እንድፈልግ መከሩኝ። ሁሉንም አመስግኜ በገበያ ቀን ባለሱቁ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር ከባትሪ እስከ ጡጦ የማይሸጠው የለም። መጀመሪያ ያሳየኝ እንደ ጌቱ ያለውን ከባዱን ነበር። ቀጥሎ ያወጣው በጣም ቀላልና በጣም ርካሽ ነው፤ ምስማር ይዤ ጨበጥ ባደርገው ፒንሳው ራሱ ተጣመመ። ከድር ጥፋቱን ምስማሩ ላይ አሳበበ።

በመጨረሻ ያመጣት ግን ልቤን ወሰደችው። ከጣት ብዙም የማትረዝም፣ አፏ በደንብ የሚገጥም ፒንሳ፣ ለብሎኑም ለመነጽሩም የሚሆን ካቻቢቴ፣ አንዲት ስል ሰንጢ፤ አለቀ። ጎረቤት ካለችው የቅመም ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ከስልኬ ጋር አመዛዘንኳት፤ ስልኬ ደፋት። ቅመም ሻጯ በኪሎ ነው እንዴ የምትገዛው ብላ ሳቀችብኝ። ገዛኋት።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ምስጋናው አዩዋትና ፊታቸው ጠቆረ። በየመንገዱ ባለው በዚህ ሁሉ ፍተሻ መካከል ስለት ይዞ መሄድ ምን ይሉታል አሉኝ። መንገድ ላይ ቢገኝብህ መምህር ነኝ ስትል ማን ይሰማሃል፣ እኔንም ለምስክርነት ታስጠራኛለህ አሉ። እውነት ለመናገር ፈራሁ። የራያ ሰው ዱላውንና ቢላውን ሳይዝ ከደጁ አይወጣም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ገበያ የሚሄድ ገበሬ እንኳ ቢላውን ቤቱ ትቶ ነው የሚወጣው። እኔ ማን ነኝና ነው?

ወደ ከድር ተመልሼ ስለቱን ንቀልልኝ አልኩት። ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው በግ ገዝቶ ሥጋውን እዚሁ ተውት እንደማለት ነው አለኝና በመዶሻና በምስማር አወለቀልኝ። ስለቱን ለራሱ አስቀረው። ባለቤቱ እጀታ አሠርታለት ሽንኩርት እንደምትከትፍበት ኋላ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ይበልጥ ቀለለችልኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የሥራ ባልደረባችን እናቷ ስለሞቱባት ጌቱ፣ አቶ ምስጋናውና እኔ ለቅሶ ለመድረስ ጎብዬ ሄድን። ስንመለስ የገበያ ሰው በሞላው ሚኒባስ ተሳፈርን። ሮቢት ልንደርስ ስንል ሰው አስፋልቱን ዘግቶ ቆሟል። ሾፌሩ አቆመ፣ ሁላችንም ወረድን።

አንድ የጭነት መኪና በሬ ገጭቶ ሳይቆም አልፏል። በሬው መንገድ ዳር ካለው ቦይ በጎኑ ተዘርግቷል። ዓይኑ ተገልብጦ፣ ሆዱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ አባ ይማም ይሏቸዋል። የበሬውን አንገት አቅፈው፣ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዳልቻ፣ ዳልቻ እያሉ ይጠሩታል።

አጠገቤ የቆመ ጎረቤታቸው ነገሩን አስረዳኝ። አባ ይማም ያላቸው ይኸው አንድ በሬ ነው። የሚያርሱትም ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅተው ነው። ዝናቡ ከደጅ ቆሟል፤ በሬው ከሞተ የሚያቀናጃቸው የለም፣ ዘንድሮ ማሽላ የለም ማለት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ግን በቅርጫ ተሸጦ ለሌላ በሬ መነሻ ይሆናል። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም፣ የጅብ ነው።

ሰዉ ሁሉ ቢላ፣ ቢላ ይላል። ቢላ የያዘ የለም። ገበያተኛው በሙሉ ፍተሻውን ፈርቶ ባዶ እጁን ነው። አንዱ በሞተር ሳይክል ከማዶ ካሉት ቤቶች ቢላ ሊያመጣ በረረ።

በዚህ መካከል ቅርጫው ተጀመረ። በሬው እየተነፈሰ ነው የምላችሁ። አቶ ምስጋናው ተካፋዩን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሾፌሩ መኪናውን የማቆየው ጉበቱ ከተሰጠኝ ነው አለ። አንዲት ሴትዮ ሻኛው እንዳይከፋፈል አሳሰቡ። በጀሪካን የያዘችውን ዘይት ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጣ ጀሪካኑን ለሞራ ያዘጋጀችም ነበረች። በሬው ባይሰማ እንኳ ባለቤቱ ይሰሙ ነበር። ማንም ዝም በሉ አላለም። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ ግን ለማን ትናገራለህ?

ይኼን ጊዜ ጌቱ፣ ፈታሾች ፒንሳ ብቻ መስሏቸው የሚያሳልፉትን መሣሪያውን ሊያወጣ የቀበቶውን ሽፋን ፈታ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጌቱ መጀመሪያ መጋዙን ዘረጋ፤ አጠፈው። ቀጥሎ የቆርቆሮ መክፈቻውን፤ አጠፈው። የዓሣ መፋቂያው ወጣ። ስለቱ ዝጎ አልወጣ ሲለው በጥርሱ ያዘው፤ ሱሪው ወረደ፤ በክርኑ ሳበው። በመጨረሻ ሲወጣለት ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አባ ይማም ተቀብለው አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አስኬዱት። ጭረት እንኳ አልተወም።

"በዚህ ብነካው ማሰቃየት ነው፤ ወንጀሉ በኔ ነው" አሉና መለሱለት።

ጌቱ ያፈረው ብቻውን እንዳይሆን ወደ እኔ ጠቁሞ፣ እሱ አዲስ አለው፣ ስል ነው አላቸው። ሰው ሁሉ ዞረብኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባ ይማም አገላበጧት፤ ፒንሳውን አዩ፣ ካቻቢቴውን አዩ፣ ስለቱ የነበረበትን ክፍት ቦታ በጣታቸው ነኩት።

"ቢላው የታለ?"

"አስወጣሁት፣ አባቴ።"

"ገዝተህ?"

"ገዝቼ።"

ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ሊሞት ካለ በሬ አጠገብ፣ ስለ ፍተሻና ስለ ክብደት ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አቶ ምስጋናው፣ ያን ሁሉ ምክር የሰጡኝ ሰውዬ፣ ወጣቱ ትውልድ አርቆ አያስብም ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

እኔ አንገቴን እንደደፋሁ የበሬው ጆሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዝንብ ያባረረ መሰለኝ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን ከሽማግሌው ጭን ላይ አነሣ። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ በፊት እግሮቹ ተንበረከከ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ሞከረ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ሲሸሽ እርስ በርሱ ተረጋገጠ። ዳልቻ ተነሥቶ ቆመ። አናቱ ዞሮበት ኖሮ ነው እንጂ ሊሞት አልነበረም። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን እያየነው ሽንቱን ለቀቀ፣ እያነከሰ ወደ ማሳው ሄደና የደረቀ አገዳ መንጨት ጀመረ።

ልክ ያኔ ባለ ሞተሩ ደረሰ። ክንድ የሚያህል፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ቢላ ከፍ አድርጎ ይዞ አገኘሁ፣ አገኘሁ እያለ መጣ።

የሚገርማችሁ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጉበቱ ያመለጠው ሾፌር አፍንጫውን ነፋ። አቶ ምስጋናው ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብለው በመልካም አነጋገር፣ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ማታ ቢሞት ለጅብ ነው፣ ሰውም ቢላም ባለበት አሁኑኑ ቢያርዱት ይሻላል አሏቸው። ራሳቸውን የሚያወዛውዙ ደጋፊዎችም አላጡም።

አባ ይማም ዱላቸውን አንሥተው በሰዉና በበሬው መካከል ቆሙ። ቁጣ አልነበራቸውም። "ማታ ከሞተ ማታ አለቅሳለሁ" አሉ። "አሁን ቆሟል።"

ሰዉ እያጉረመረመ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔም ልሄድ ስል ጠሩኝና መሣሪያዬን መለሱልኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ። ያኔ ነው ምን ያህል ፈርተው እንደነበር የገባኝ።

"ቀድሞ ቢላ ቢገኝ አርጄው ነበርኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ባለ ቢላ አልላከብኝም።"

ዝናቡ ከጣለ በኋላ ለሥራ ወደ ወልድያ ስወርድ እዚያው ቦታ ላይ አየኋቸው። አባ ይማም እርፍ ጨብጠው፣ ዳልቻም ትንሽ እያነከሰ፣ ያርሳሉ። በመስኮት እጄን አውለበለብኩ፤ አላዩኝም። ጌቱ አሁንም ለተማሪዎቹ በሬ ያዳነ መሣሪያ ነው እያለ ግማሽ ጡቡን ያሳያል፤ ውሸት ነው እንዳልል እውነት ነው። አቶ ምስጋናውም የዚያን ቀን ማስተዋል የራሳቸው እንደነበር በየስብሰባው ያነሡታል።

እኔ ግን ያ ሞተረኛ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ የሚለውን ሳስብ እስካሁን እደነግጣለሁ። ጉበቱ፣ ሻኛው፣ ሞራው ሁሉ ተደልድሎ አልቆ ነበር። ብዙ ጊዜ ለሰዎች ጠቅሜ ተመስግኛለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ ግን እንደዚያ ቀን፣ አንዳች የማይረባ ሰው ሆኜ በመገኘቴ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።