ሃምሳ ሁለት ከረጢት ምስር

መጀመሪያ ያየሁት የከረጢቶቹን አንገት ነው። አንገት አልነበራቸውም። እስከ አፋቸው ጢም ብለው ሞልተው ቀዩ ክር በግድ ነው የቋጠራቸው። ሃምሳ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ምስር ይዘዋል ተብሏል። ኮምቦልቻ ከሚኒባሱ አውርጄ ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ሳመላልስ፣ ጠግበው የተኙ ሕፃናት መስለውኝ ቀስ ብዬ ያዝኳቸው። የምስሩ ባለቤት እትዬ ቢልቂስ ግን፣

«አንተ፣ ምስር እኮ ነው! አትቀፈው፣ ተሸከመው» አሉኝ።

እትዬ ቢልቂስ ጎረቤታችን ናቸው። ደሴ ሰኞ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ጥራጥሬ ሸጠዋል። ከደሴ ዙሪያ ሲመጡ የያዙት አንድ ቁና ባቄላና አንዲት ጡት የምትጠባ ልጅ ነበር። ባቄላው በሳምንቱ አለቀ። ልጅቷ ኢስራ አድጋ ኮምቦልቻ ምሕንድስና ትማራለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እሳቸው አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። የኮምቦልቻው አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ሻርፓቸውን ያዝ ያደርጋሉ እንጂ ቀና እንኳ አይሉም።

ኢስራ የሠራችው በርቀት የምትመራ፣ ስምንት ኪሎ የምትመዝን፣ ወደ ቢስቲማ መድኃኒት ታደርሳለች የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ነው። ያን ቀን የሚፈተነው ክንፏ ብቻ ነበር። ክንፉ ከቻለ ኢስራ ትምህርቷን ትጨርሳለች፤ ካልቻለ ዓመቱን ትደግማለች። ክንፉ ላይ የሚጫኑት መፈተኛ ብረቶች ከነሚዛናቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ኢስራ በዋዜማው ለእናቷ ደውላ «አርባ ስምንት ኪሎ ምስር፣ በየአንድ ኪሎ ከረጢት» አለች። እናት ለምን ሳይሉ ሃምሳ ሁለት አድርገው ሰፉ። አራቱ፣ ቢቀደድ መተኪያ ነው።

ክንፉ በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል በጀርባው ተኝቶ ጠበቀን። ከቀርከሃና ከፎም የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት የሚረዝም ነገር ነው።

«ምነው ገለበጣችሁት?» አሉ እትዬ ቢልቂስ።

«አየር ላይ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋው፣ እማ። እዚህ ምስሩ ከላይ ወደ ታች ይጫናል። ለዚህ ነው።»

«እሺ። ስምንት ኪሎ ለምትመዝን ነገር አርባ ስምንት ኪሎ መጫን ምንድን ነው? ምን አጥፍታ?»

ኢስራ ሳቀች። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሲበር ክንፉ የሚሸከመው የአውሮፕላኑን ክብደት ያህል ብቻ ነው አለች። አጋድሎ ሲታጠፍ ግን ክንፉ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ይሆናል፤ ጠበቅ አድርጎ ከታጠፈ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ይደርሳል። ያንኑ አውሮፕላን ማንም ምንም ሳይጨምርበት! እኔ አፌን ከፈትኩ። እትዬ ቢልቂስ ግን ወዲያው ገባቸው።

«ዛሬ ስንመጣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በየመታጠፊያው እየከበደች መጣች። ወላሂ፣ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም!»

«እሱ ነው! አውሮፕላኑ ስለሚያጋድል ግን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ወንበርሽ ነው የሚጫንሽ። የእኔዋ እስከ አራት እጥፍ ተፈቅዶላታል፤ ሠላሳ ሁለት ኪሎ። እዚያ ላይ ጎብጣ መቅረት የለባትም። ሕጉ ደግሞ ለጥንቃቄ ግማሹን ይጨምርበታል፤ አርባ ስምንት። እዚያ ብትጎብጥም ግድ የለም፤ ሦስት ሴኮንድ ሳትሰበር ትቆይ።»

«ሦስት ሴኮንድ? ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ?»

ፈታኙ ዶክተር ወንድምአገኘሁ ገባ። አንዱን ከረጢት አንስቶ በመዳፉ መዘነው፤ ከሁለት ወር በፊት በመዳፍ መመዘን ሳይንስ አይደለም ብሎ ተማሪ ያባረረ ሰው ነው አሉ። ከዚያ ኢስራን ወደ ጥግ ወሰደና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የገበያ ሚዛን መሆኑን አትርሺ። ነጋዴ መቼም ትንሽ ትንሽ ያጎድላል። ማካካሻ ሦስት ከረጢት እንጨምር።»

ወረቀቱ ላይ 48ን ሰርዞ 51 ጻፈ። ኢስራ ፊቷ ቀላ፤ ግን ፈተና ነውና ወደ ክንፉ ተመለሰች። እናቷ ከክንፉ ማዶ ከረጢት እየደረደሩ ስለነበር አልሰሙም።

ከሥሩ በዛ፣ ወደ ጫፉ ሳሳ እያደረጉ ጫኑ። ሠላሳ ሁለት ሲሞላ የክንፉ ጫፍ አሥር ሳንቲ ሜትር መውረድ ነበረበት፤ የኢስራ ስሌት እንደዚያ ይላል። አሥራ አንድ ወረደ። ሲያነሱለት ግን ምንም እንዳልደረሰበት ቀጥ አለ።

«ክንፍሽና ወረቀትሽ አልተስማሙም» አለ ዶክተሩ፤ ጻፈውም። ኢስራ ከንፈሯን ነከሰች።

እንደገና ጫኑ። አርባን አለፈ። ክንፉ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ ከውስጡ ቀጭን ድምፅ ይሰማ ጀመር። አርባ ዘጠኝ ላይ እትዬ ቢልቂስ እጃቸውን አነሱ። ዕድሜያቸውን ጆንያ ሲተረተር የሰሙ ሰው ናቸው።

«ይበቃዋል።»

«እናቴ፣ ገና ሁለት ይቀራል» አለ ዶክተሩ፤ ሃምሳኛውንም ራሱ አስቀመጠ።

ጧ! ክንፉ ከመሐሉ ተሰበረ። ብዙዎቹ ከረጢቶች ተቀደው ምስሩ ወለሉን አለበሰው። እንደዚያ የሚያምር ውድቀት አይቼ አላውቅም፤ ይህን በዚያች ሰዓት ጮክ ብዬ ባለመናገሬ ዛሬም ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

«ሃምሳ አንድ አልደረሰም» አለ ዶክተሩ፤ «አላለፈም» ብሎም ጻፈ። ኢስራ ምስሩ መሐል ቁጭ አለች።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ እናቷ። «ቆይ ግን፣ አርባ ስምንት አላልሽኝም?»

ኢስራ ዶክተሩን አየች። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አየ።

«እንግዲህ፣ እናቴ… የገበያ ሚዛን ትንሽ ያጎድላል በሚል…»

እትዬ ቢልቂስ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

«ሚዛን አምጡ» አሉ።

ከግቢው በር ውጭ ቲማቲም ከምትሸጠው ሴት ሚዛን ተበደርኩ። ዶክተሩ መጀመሪያ ያልተከፈተ የአንድ ሊትር ውሃ ጭኖ ሚዛኑን ራሱን ፈተነው። ልክ ነበር፤ ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ከዚያ ሳይቀደድ የተረፈ ከረጢት ጫነ። አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም። ሌላ ጫነ፤ ያው ነው። አሥር መዘነ። አንድም የጎደለ የለም።

«ሚዛንዎ ተበላሽቷል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሚዛኔ ደህና ነው። ምርቃቱን አልቆጠሩም።»

«እማ! ሁሉም ላይ?»

«ታዲያ ለሰው የምመርቀውን ለልጄ ላስቀር?»

ለካ እያንዳንዱን ኪሎ ከመዘኑ በኋላ፣ ለደንበኛ እንደሚያደርጉት፣ በላዩ አንድ ጭብጥ ጨምረውበታል። የእሳቸውም ጭብጥ ትልቅ ነው። ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አባዛ። ክንፉ በአርባ ዘጠኝ ከረጢት ቆሞ የነበረው ሃምሳ አራት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። የአሥራ አንዱ ሳንቲ ሜትር ነገርም ተፈታ፤ ሠላሳ ሁለቱ ከረጢት ከሠላሳ አምስት ኪሎ አልፎ ነበር፤ ክንፉና ወረቀቱ ከመጀመሪያውም ተስማምተው ነበር። «አላለፈም» ያለውን ሰርዞ «አልፏል» ብሎ ፈረመ። ኢስራ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እስክሪብቶው ግን አላረፈም። ከፊርማው ሥር «ክንፉ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ስለሆነ ያለ ጥቅም ይከብዳል፤ ይቅጠን» ሲል ጨመረ።

«ጠነከረ ብሎ ይቆጣል እንዴ?» አሉ እትዬ ቢልቂስ።

«እናቴ፣ ክንፉ ላይ የተረፈ እያንዳንዱ ግራም ቢስቲማ የማይደርስ መድኃኒት ነው።»

«ለጥንቃቄ ብላችሁ ግማሽ ትጨምሩ የለም? እናንተም ትመርቃላችሁ።»

«እንመርቃለን። ግን እንቆጥረዋለን።»

እትዬ ቢልቂስ የሚቆጠር ምርቃት ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፤ አዘኑለት። ምስሩን ጠርገው ጆንያ ውስጥ አደረጉት። ፎምና የቀርከሃ ስንጥር ስለገባበት አይሸጥም፤ ተለቅሞ ለቤት ይሆናል አሉ።

ግቢው መሐል ስደርስባቸው ጆንያውን አዝለዋል። ልሸከምልዎ ብል እምቢ አሉኝ። የኢስራን መልእክት ነገርኳቸው፦ ቀጭኑን ክንፍ በወሩ ትጨርሳለች፤ ያን ጊዜም አርባ ስምንት ከረጢት ያስፈልጋታል፤ አሁን ግን ልክ አንድ አንድ ኪሎ ይሁን ብላለች።

ቆሙ። «ልክ አንድ ኪሎ?»

«ልክ።»

«ለእሱማ ሌላ ነጋዴ ፈልጉ» አሉና ጆንያውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ። ዘበኛው ሊፈትሽ እጁን አነሳ፤ አዩት፤ እጁን አወረደ። እሳቸውም አልቆሙም።