ለአንድ ሰው የተጠቀለለ

መካነ ሰላም ከተማ ላይ ቡሪቶ ልሽጥ ብሎ የተነሳ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ አይኖርም። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሥራውን የለመድኩት ዱባይ፣ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነው። ከስንዴ ሊጥ ትሪ የሚያህል ስስ ቂጣ ይዳመጣል፤ ቶርቲላ ይሉታል። በጋለ ብረት ላይ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ ይወጣና ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሥጋና ቃሪያ ተሞልቶበት እንደ ሕፃን ይጠቀለላል፤ ቡሪቶ ማለት ይኸው ነው። ትልቁ ክንድ ያህላል። እኛ ሠራተኞቹም እረፍት ስንወጣ እያንዳንዳችን አንዳንድ ይዘን፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን፣ ሳንነጋገር ቆመን እንበላ ነበር።

የተመለስኩት ለታናሽ እህቴ ስል ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ፣ እሷም ዐረብ አገር ካልሄድኩ ብላ እናታችንን እንቅልፍ ነስታት ነበር።

"እዚሁ አብረን እንሥራ። ሥራው ከያዘ ትቀሪያለሽ" አልኳት።

"ከያዘማ ምን ልሁን ብዬ እሄዳለሁ፣ እቴቴ?" አለችኝ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን።

ከደጎሎ የመጣ ስንዴ አስፈጨን። ለዳቦ የሚጣፍጥ ስንዴ ነው፤ ስንዳምጠው ግን ገና ትሪ ሳያህል ይቀደዳል። ፉርኖ ዱቄት ደባልቀን፣ በሙቅ ውሃ አሽተን፣ ሊጡን አሳርፈን፣ ከስንት ልፋት በኋላ ተሳካልን። ሥጋውን ተውነው፤ እዚህ አገር ሥጋ የክርስቲያን ነው የእስላም ሳይባል ወደ አፍ አይገባም። ቦሎቄና ሩዙን ግን ማንም ይበላዋል አልን።

በሉትም። ግን ቡሪቶ አልበሉም። ሦስት ሾፌሮች ገብተው አንድ ያዙና ትሪ ይጠይቃሉ። እህቴ ተጠንቅቃ የጠቀለለችውን ፈትተው ይዘረጉታል፤ ጠርዙን እየቆረሱ ይጎራረሳሉ። "ቂጣው ጥሩ ነው፣ ወጡ ደረቀ እንጂ" ይላሉ። ለየራሳችሁ እዘዙ ስላቸው እንደ ነውረኛ አዩኝ። ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት ባለሱቅማ አልሸሸጉኝም።

"ወላሂ ልጄ፣ እንዲህ ሸፋፍኖ የሚበላ የሰረቀ ሰው ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አሉኝ።

አነስ አድርጌ ብጠቀልለው የሕፃን ምሳ ነው ተባልኩ። ወረቱ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ፍርፍሩ ተመለሰ፤ እኔና እህቴ የተረፈውን ቦሎቄ እየበላን ከረምን።

እህቴ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን መዳመጫውን አጥባ አስቀመጠችና "ፓስፖርቴ ወጥቷል" አለችኝ። ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት በአንድ ቂጣ ላይ ነበር፤ አሁን ምን ብዬ ቅሪ ልበላት? እኔ የማውቀውን ጓዳ፣ እኔ የማውቀውን ግድግዳ ልታየው ነው።

በምትሄድበት ጠዋት እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላት። እህቴ ግን ወደ እኔ ዞራ "ያንን ትልቁን ጠቅልይልኝ" አለች። በተረፈን ዱቄት ዳመጥኩላት፤ የዚያን ቀን አንድም ቦታ አልተቀደደም። ጠቅልዬ በአውቶቡሱ መስኮት አቀበልኳት። እናቴ "አላህ ያግራልሽ" እያለች መኪናው እስኪታጠፍ ቆመች።

አመሻሽ ላይ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

"አጠገብሽ የነበሩትን አቋደስሽ?" አልኳት።

"ማንን አውቄ? ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ወደ መስኮቱ ዞሬ ብቻዬን ጨረስኩት። ደግሞ ይጣፍጣል፣ እቴቴ።"

መካነ ሰላም ከገባሁ ጀምሮ ከጠቀለልኩት ሁሉ እንደ ወጉ የተበላው ያ አንዱ ነው።

ስልኩን ስዘጋ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"በላች?"

"በላች።"

"ከማን ጋር?"

"ከሰዎች ጋር" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።